ድንጋይ ተይዞ ሰላምታ የለም

እርጥብ ሲሚንቶ ሲሸተኝ ያስነጥሰኛል። ሐኪሙ አለርጂ ነው ይላል፤ እኔ ንዴት ነው እላለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ባለው ቤታችን ግቢ ውስጥ ያ ሽታ ገና ብድግ ሲል መስኮቱን ዘጋሁ፣ መጋረጃውን ሳብኩ፤ ምን ዋጋ አለው፣ በበሩ ሥር ሾልኮ ገባ። ብቻውን ቢገባ ደግ ነበር። የዚያን ዘመን ኢስትሊ ሰፈርን ሁሉ ይዞብኝ ገባ፤ ቁርጭምጭሚት የሚውጠውን ጥቁር ጭቃ፣ በላምባ ምድጃ ላይ የሚንተከተከውን ምስር፣ ከታች ካለው የካሴት ሱቅ ከጠዋት እስከ ማታ የሚለቀቀውን የሠርግ ዘፈን፣ ያኔ አሥሩም ጣቶቹ የነበሩትን ባለቤቴን ግርማንም ጭምር። አስነጠስኩ። ግርማ ከውጭ ሆኖ "ይማርሽ!" አለኝ። ደህና አድርጎ ይማረኝ እንጂ፤ ያንን ሁሉ አሸዋና ሲሚንቶ ያስመጣብኝ እሱ አይደል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ሜሮን ጊጊሪ፣ የውጭ መሥሪያ ቤቶቹ ባሉበት ሰፈር ነው የምትሠራው። ዕድሜ ለእሷ፣ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ስንንከራተት ኖረን በስተርጅና የራሳችን ደጃፍ አገኘን። እናም በማግስቱ እሁድ ሽማግሌ ሊመጣላት ነው። ሽማግሌ ይመጣል ሲባል ሌላ ሰው ዶሮ ያርዳል፣ መጋረጃ ያጥባል። የእኔ ባል ግን ግቢውን ካልነጠፍኩ ሞቼ እገኛለሁ አለ። "ሽማግሌ ጭቃ ረግጦ ሴት ልጄን ሊጠይቅ አይገባም!" እውነቱን ነው፣ የፓርክላንድስ ቀይ አፈር ዝናብ ከነካው ሶፋው ድረስ ይከተላል። ታዲያ ጡብ ይነጠፍ፣ ያቺ ቀጭኗ የወለል ድንጋይ ትነጠፍ፣ ማን ይከለክላል? ኧረ ወዲያ! እሱ የሚፈልገው ሁለት ጎረምሳ የማያነሳውን ሰፊና ወፍራም ድንጋይ ነው። "ድንጋይ ማለት ስትረግጪው ዝም የሚል ነው፤ ቀጭኑ ያቃጭላል" ይለኛል። ከድንጋይ ጋር የተጋባሁ ይመስል ድንጋይ ያስተምረኛል።

ሌላም ጣጣ ነበረብን። ሽማግሌዎቹ ከወንዱ ወገን ሲመጡ በሴቷ ወገን ተቀምጦ የሚቀበል፣ "ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። አባት ለራሱ ልጅ አፍ አውጥቶ አይከራከርም። የእኛ ዘመድ ደግሞ አንዱ አገር ቤት ነው፣ አንዱ ባሕር ማዶ ነው፣ አንዱ አፈር ለብሷል። ሳምንቱን ሙሉ ማንን እናስቀምጥ እያልን ስንጨቃጨቅ ሰነበትን። ግርማ በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገና "በቀለ አለ አይደል እንዴ?" አለኝ። እጄ ላይ የነበረውን ሰሃን አስቀመጥኩ። "እኔ በሕይወት እያለሁ በልጄ ሽምግልና ላይ እሱ ሰውዬ አይቀመጥም!" አልኩት። ስሙን አልጠራሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን ጠርቼው አላውቅም ነበር።

ከየትኛው ቀን? ልንገራችሁ። ያኔ ሰው ሁሉ ከአገሩ እየወጣ ናይሮቢ የሚደርስበት ጊዜ ነበር። ኢስትሊ ውስጥ ከአንድ ልብስ ሰፊ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነበር። እኔና ግርማ በመጋረጃ ከተከለለው ወገን፣ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ በቀለና ሌሎች ሁለት ልጆች፤ ሁለቱ ኋላ ካናዳ ገቡ። ዳቦ ርካሽ ነበር እንዳልል ለእኛ ርካሽ የሚባል ነገር አልነበረም። ለታክሲው ለማታቱ የምትከፈለዋን ሳንቲም ለማትረፍ ከኢስትሊ እስከ ፓንጋኒ፣ ከፓንጋኒ እስከ ፓርክላንድስ በእግር ይኬድ ነበር፤ በዚያች በተረፈችው ሳንቲም ማንዳዚ የሚሉት ብስኩት ተገዝቶ ለአምስት ይቆረሳል። አራቱ ወንዶች ለአራት አንድ ደህና ኮት ነበረቻቸው፤ ጊኮምባ ገበያ ከሚቱምባው፣ ከልባሽ ልብሱ ክምር ውስጥ ተጎልጉላ የወጣች፣ ክርኗ ላይ ቆዳ የተለጠፈባት ቡኒ ኮት። ለወረቀት ጉዳይ ቢሮ የሚሄድ ይለብሳታል፤ ሲመለስ አራግፎ ሚስማሯ ላይ ይሰቅላታል። እጅጌዋ ለግርማ ያጥራል፣ ለበቀለ ይረዝማል። በቀለ ለብሷት ሲወጣ በመስኮት እያየሁት እስቃለሁ። ያኔ እወደው ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። እንደ ታናሽ ወንድሜ ነበር፣ "እትዬ አስቴር" እያለ ጀሪካን ውኃ ከታች ተሸክሞልኝ ይወጣል።

ሥራቸው ድንጋይ ማንጠፍ ነበር። አንድ የህንድ ተቋራጭ በየሀብታሙ ግቢ ያሠራቸዋል። የዛሬው ዓይነት ማሽን የት አባቱ! ገመድ ነው፣ ዲጂኖ ነው፣ የሰው ወገብ ነው። ድንጋዩን በዲጂኖ ፈንቀል ያደርጉና ገመድ ያሾልኩበታል፤ ከዚያ አራቱ በአራት ማዕዘን ይቆሙና "በሉ እንግዲህ፣ ሆ!" ብለው ያነሱታል። ምሳ ይዤላቸው ስሄድ ቆሜ አያቸዋለሁ። ሲያነሱት ያምራል፣ ሲያስቀምጡት ነው የሚያስፈራው፤ ገመዱ ወጥቶ ጠርዙ አሸዋው ላይ እስኪያርፍ የአንዱ ጣት ከሥር መግባቱ አይቀርም። የሌሎቹ እጅ ካልጸና የዚያ ሰው ጣት አለቀለት።

የዚያን ቀንም ምሳ ይዤ ቆሜያለሁ። ድንጋዩ ከመሬት ስንዝር ያህል ነው የቀረው፣ የግርማ ቀኝ እጅ ከሥር ነው። በዚህ መሀል የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ ሁላችንም የምናከብራቸው፣ ለስንቱ ስደተኛ ማረፊያ ያገኙ ሽማግሌ ብቅ አሉ። "እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ!" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። የዘረጉት ወደ በቀለ ነው፤ ቅርብ የነበረው እሱ ነዋ። እጁ ሲሚንቶ ነው። እጅ ሲቆሽሽ ምን ይደረጋል? ክንድ ይሰጣል። ይሄ ጨዋ ያሳደገው ልጅ አንድ እጁን ከገመዱ ለቀቀና፣ ጎንበስ ብሎ፣ ክንዱን ሰጣቸው። በዓለም ላይ ድንጋይ የሚያነጥፍ ሕዝብ ስንት ነው? ድንጋይ በአየር ላይ ትቶ ሰላምታ የሚሰጥ ከእኛ በቀር ማን አለ? እስቲ ንገሩኝ!

የግርማ ሦስት ጣቶች ሄዱ። አውራ ጣቱና ትንሿ ጣቱ ቀሩ። ጩኸቱን አልነግራችሁም። ይልቅ እስካሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። በቀለ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ግንቡን በግንባሩ እየመታ ሲያለቅስ፣ ባሌ በፋሻ የተጠቀለለች እጁን አቅፎ "ተው በቀለ፤ እኔም ብሆን እሰጥ ነበር። ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ማን ዝም ይላል?" አለው። አያናድድም? ጣቱ የሄደው እሱ፣ የሚያጽናናው እሱ! ቂሙን ማን ይያዝለት? እኔ ያዝኩለት። አንድ ሰው መያዝ ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ግርማ ለሰው መዳፉን ሰጥቶ አያውቅም። ሰላም ሲባል እንደ በላ ሰው ክንዱን ይሰጣል። የማያውቀው ሰው "ምን፣ ምሳ ላይ ነበርክ እንዴ?" ይለዋል፤ እሱም "አዎ፣ አሁን በልቼ" ይላል። በሠርግም በለቅሶም፣ ስንት ጊዜ በባዶ ሆዱ "አሁን በልቼ" ሲል ሰምቼዋለሁ። በቀለ ደግሞ የጨርቅ ሱቅ ከፈተ፣ ኢስትሊ ቀረ፤ በየበዓሉ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። እኔ እቀበለዋለሁ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" እላለሁ፣ ተቀመጥ ግን አልለውም።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜዬ ልመለስ። ሜሮን የአባቷን የድንጋይ ፍቅር ስታይ በስልኳ ማንሻ ማሽን ተከራየች። "እማዬ፣ ዶንት ወሪ፣ ማንም ሰው በእጁ አይነካውም፤ ማሽኑ ኦልረዲ ቡክ ተደርጓል" አለችኝ። ፉንዲው፣ ድንጋይ አንጣፊው፣ ሙቱአ ይባላል፤ የተረጋጋ፣ ቃሉ አጭር ሰው ነው። ማሽኑ ጎማ እግር ያለው፣ ክንዱ ረጅም፣ ጫፉ ላይ ሰፊ የላስቲክ ሳህን የተገጠመለት ነገር ነው። ሳህኑን ድንጋዩ ላይ ያሳርፉታል፣ ሞተሩ አየሩን ይመጥጠዋል፣ ድንጋዩ ተጣብቆ ብድግ ይላል። ሙቱአ በአንድ እጁ እየገፋ ወስዶ ሲባጎው ላይ ልክክ ያደርገዋል። ሆ የለ፣ ጩኸት የለ። እሰይ አልኩ። ጠዋት እሰይ ብዬ ነበር።

ከዚያ ሰው መምጣት ጀመረ። የነገውን ድግስ ለማገዝ ነው የመጡት፤ አንዱ ወንበር ይዞ፣ አንዱ ድስት ይዞ፣ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ደግሞ ግማሹ። በሩን አልፈው ድንጋዩ ተንጠልጥሎ ሲያዩ ወንበሩንና ድስቱን ጥለው ይሮጣሉ። "ኧረ እናግዝህ!" ድንጋዩ ሥር ይገባሉ! ማሽኑ ብቻውን ሲሸከም እያዩ መቆም ነውር ሆኖባቸው! ሙቱአ ሞተሩን ያቆማል፣ ያወርዳል፣ ወደ እኔ ዞሮ "ማማ ሜሮን፣ እባክሽ እጃቸውን ያንሱ በያቸው" ይላል። እላቸዋለሁ። እሺ ይላሉ። ዘወር ስል እንደገና ከሥር ናቸው። አንዱ ጎረቤታችን ደግሞ እጄን ካላስነካችሁኝ ብሎ ድንጋዩን ከላይ ይደግፈዋል፤ ማሽኑ እንዳያፍር ይሁን ምን ይሁን እንጃ። በመጨረሻ በረንዳው ላይ ቆሜ ጮህኩ፦ "ስሙ! እዚህ ግቢ ድንጋይ ተይዞ ሰላምታ የለም! እገዛም የለም! የፈለገ ሰው ሽንኩርት ይላጥ!" ሳቁብኝ። ሽንኩርት ለመላጥ ግን አንድ ወንድ አልመጣም።

በቀለ የመጣው ከሰዓት ነው። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል፣ ትከሻው ወርዷል። በበሩ ገብቶ እጁን ዘርግቶ ወደ እኔ መጣ፤ "እትዬ አስቴር፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ።" እኔ ሳህን ሽንኩርት ይዤያለሁ። ሳህኑን አላስቀመጥኩም። "ድንጋይ ተይዞ ሰላምታ የለም" አልኩት። ሽንኩርት እንደያዝኩ እሱም እኔም አይተናል። እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበና "እውነትሽን ነው" አለኝ።

ግቢው አልቆ የቀረው የበሩ መግቢያ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ ከሁሉም ትልቁ፣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚረግጡት። ግርማ ሽማግሌ እንዳያንሸራትት ብሎ ፊቱን በመሮ አስሸክሽኮታል። እና ላስቲኩ አልይዝ አለ! ሙቱአ ያሳርፋል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ አየሩ በሽክሻኩ በኩል ፊሽ ብሎ ይወጣል። አንዴ ትንሽ አንስቶት ወዲያው ለቀቀው፤ መሬቱ ጓ አለ፣ ልቤም አብሮ። ሙቱአ ራሱን ነቀነቀና ከፒካፑ ላይ ሌላ ዕቃ አመጣ። የብረት መቆንጠጫ ነው። ድንጋዩን ከሁለት ጠርዙ ይነክሰዋል፣ ድንጋዩ በከበደ መጠን ንክሻው ይጠብቃል፣ ከግራና ከቀኝ ረዘም ያለ እጀታ አለው። ጣት ከሥር አይገባም። ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሙቱአ ደግሞ ፊት ለፊት ቆሞ አሸዋው ላይ ማስተካከል አለበት።

"እኔ አለሁ" አለ ግርማ። ከዚያ ያን ሁሉ ጎረምሳ አልፎ "በቀለ፣ ያንን ጫፍ ያዝ" አለ።

ሳህኑን ወርውሬ ወረድኩ። "አይሆንም! በመላው ናይሮቢ ሰው ጠፋ? መዘምራኑ ሁሉ ቆመው! ያቺ የቀረችህ እጅ ሰለቸችህ?"

"አስቴር።"

"ምን አስቴር አስቴር ትለኛለህ! አንዴ ለቆብሃል!"

ሜሮን "እማዬ፣ ፕሊስ" አለች። በቀለ መሬት መሬት ያያል። ግርማ ድምፁን ሳያነሳ፣ "ድንጋዩ ይበቃናል አስቴር። ያንቺን ቂም ጭምር አታሸክሚን" አለኝ። ይሄ ሰው በስንት ዓመት አንዴ ነው እንዲህ የሚናገረኝ። ዞር አልኩና ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ።

ያዙ። ግርማ ግራ እጁን ሙሉ፣ ቀኝ እጁን በአውራ ጣቱና በትንሿ ጣቱ እጀታው ላይ አጠለቀው። ከዚያ አደጋ ወዲህ ያቺ እጅ ከማንኪያ የከበደ ነገር ስትይዝ አላየሁም። "በል እንግዲህ" አለ። "ሆ" አሉ፣ በቀስታ፣ እንደ ሽማግሌ ሆ። ብረቱ ሲጢጥ ብሎ ነከሰ፣ ድንጋዩ ተነሳ። ሙቱአ ኋላውን እየተራመደ "ፖሌ ፖሌ፣ ሙዜ"፣ ቀስ በሉ አባቶች፣ ይላቸዋል። የበቀለ የአንገት ሥሮች ተገትረዋል። ከመሬት ስንዝር ያህል ሲቀር፣ የግርማ እግር ልክ ከሥሩ ሆኖ፣ የግቢው በር ተከፈተ።

አቶ ኃይሉ ናቸው። የነገዎቹ ሽማግሌዎች አለቃ፤ ነጭ ፀጉር፣ ሙሉ ልብስ፣ ከዘራ። ፓርክላንድስ መንገዱ ሁሉ ይመሳሰላል ብለው፣ ነገ ቤቱን እንዳይስቱ ዛሬ ሊያዩ መጥተው ነው። ከፊታቸው በድንጋይ የተወጠሩ ሁለት ሽማግሌዎች ሲያዩ ፊታቸው በራ። "እንደምን ዋላችሁ!" ብለው፣ ጌታዬ፣ እጃቸውን ዘረጉ። የዘረጉትም ወደ በቀለ ነው። ቅርብ የነበረው እሱ ነዋ!

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሜሮን ክንዴን ጨብጣ ይዛኛለች። የልጅቷን ዕድል የያዙት ሰው እጃቸው በአየር ላይ ነው። መዘምራኑ ሁሉ ወደ በቀለ ያያሉ፤ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ የማይቀበል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? በቀለ የተዘረጋችውን እጅ አያት። ጎንበስ አለ፣ አንገቱን ብቻ። እጆቹ ግን ብረቱ ላይ ነጭ እስኪሆኑ ጠበቁ።

"ይቅር ይበሉኝ አባቴ" አለ እያለከለከ፤ "ድንጋይ ተይዞ ሰላምታ የለም ብለዋል የቤቱ እመቤት።"

አቶ ኃይሉ እጃቸው እንደተዘረጋ ቀሩ። ግርማና በቀለ ድንጋዩን ቀስ ብለው አወረዱ፤ ሙቱአ አሸዋውን ደለደለ፣ ድንጋዩ ገባ፣ ብረቱ ንክሻውን ለቀቀ። ሙቱአ በጎማ መዶሻው መታ መታ አድርጎ ውኃ ልኩን አስቀመጠና ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ ነው። ያኔ ነው በቀለ እጁን ከእጀታው ያላቀቀው። እጁ ሲሚንቶ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ለአቶ ኃይሉ ክንዱን ሰጠ። ሰውየው ክንዱን ይዘው ሳቁ፤ "እንዲህ ያለ ሰው አያሳጣን። እኔም እኮ ዓይን የለኝም፣ ሸክም ላይ ላለ ሰው እጅ እዘረጋለሁ!" አሉ።

ወደ ግርማ ዞሩ። ግርማ እንደ ልማዱ ክንዱን አነሳ። ከዚያ ክንዱን መለሰ፤ እጁን ገልበጥ አድርጎ አየት አደረገና፣ አቧራዋን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ያቺን እጅ ዘረጋ። እንዳለች። አቶ ኃይሉ አዩአት፤ ከዘራቸውን ለሜሮን ሰጥተው በሁለት እጃቸው ያዟት። እኔ እንደገና አስነጠስኩ። ሲሚንቶው ነው።

አቶ ኃይሉ ከሄዱ በኋላ በቀለ ቧንቧው ጋ ታጥቦ ጃኬቱን ያነሳል፤ እንደ ልማዱ ሳይቀመጥ ሊሄድ ነው። ደረስኩበት። ምን ልበለው? ያን ያህል ዘመን የተቆለፈ አፍ በአንድ ቀን አይከፈትም። ፎጣ ወረወርኩለት። "በቀለ" አልኩት። ፎጣውን ይዞ ቀረ፤ ግርማም ከወዲያ ቀና አለ። "በቀለ፣ የት ነው የምትሄደው? ግባና ተቀመጥ፤ ምግብ ቀርቧል። ነገ ደግሞ በሴቷ ወገን የምትቀመጠው አንተ ነህ፤ ሦስት ሰዓት ላይ እዚህ ድረስ። ያቺን ቡኒ ኮት ግን ለብሰህ እንዳትመጣብኝ።"

"አለችኝ እኮ እትዬ" አለ፣ ዓይኑን በፎጣው እየጠረገ፤ "እጅጌዋ አሁንም ይረዝምብኛል።"

"እንግዲያው አምጣት፤ አሳጥርልሃለሁ" አልኩት።